«ጎመን በጤና»፦ ከጆንያ ጓሮአችን ሾርባ ስለ መሥራት

ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው በካኩማ ካምፕ በአንድ ብሎክ በተደረገ ስብሰባ ላይ የአትክልት ቡድን አባል የሆነች አንዲት እናት ያሰማችው ንግግር ነው። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎችም ይጠቅማል በማለት በሙሉ አውጥተነዋል።



ከሁሉ አስቀድሜ ሥራችሁን ትታችሁ በዚህ ፀሐይ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የውሃ ወረፋ ያለባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጀሪካናችሁን ለጎረቤት አደራ ሰጥታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ስለዚህ ብዙ አላስቆያችሁም። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሾርባ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ስትሥቁ አያለሁ። «ሾርባ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልገዋል ወይ?» ትሉ ይሆናል። እኔም በእናንተ ቦታ ብሆን እሥቅ ነበር። በአገራችን ለብዙዎቻችን ሾርባ የበሽተኛ ምግብ ነው። ሰው ሲታመም መረቅ ይጠጣል፤ ሲሻለው ወደ እንጀራው ይመለሳል። እርግጥ ነው፣ ሙስሊም ወገኖቻችን በረመዳን ሲያፈጥሩ ሾርባ ከማዕዳቸው አይጠፋም፤ በዚህ እነሱ ይቀድሙናል። ሌሎቻችን ግን ለጤነኛ ቤተሰብ ራት ሾርባ ማቅረብ ያሳፍረናል። እንግዳ ሲመጣ ድስቱን የምንከድን፣ «ወጥ ሳልሠራ ቀረሁ» ብለን የምናመካኝ ጥቂቶች አይደለንም። «የሾርባ ማንኪያ» የሚለውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሾርባውን ግን ረስተነዋል።

ወሩ መስከረም ነው። በአገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ ጓሮው የሚሞላበት ጊዜ ነው። ጎመኑ ይንዠረገጋል፣ ዱባው አጥር ላይ ይወጣል፣ የበቆሎው እሸት ይጠበሳል። እዚህ ቱርካና ምድር እንደዚያ ያለ ክረምት የለም። የታራች ወንዝም ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ አንድ ቀን በድንገት ይሞላና ቤት ይዞ ይሄዳል እንጂ እንደ አገራችን ወንዝ ለጓሮ አይሆንም። ቢሆንም በሰኔ በጆንያ የተከልነው፣ በዕቃ ማጠቢያ እጣቢ ያሳደግነው ጎመን አሁን ደርሷል። ደግሞም የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ነው። ሱኩማው፣ አሉማው፣ የዱባው ቅጠል፣ ቲማቲሙ ሁሉ በዚህ ሰሞን «ብሉኝ» እያለ ነው። እንዴት ብንበላው ነው ለልጆቻችን የሚጠቅመው? የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው።

የደፋሁት ውሃ

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። እዚህ በመጣን በሁለተኛው ዓመት ታናሿ ልጄ ከሳች። ገና የዓመት ከአምስት ወር ልጅ ነበረች። የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ የክንድ መለኪያውን ጥብጣብ በክንዷ ላይ ቢያስሩት ቢጫው ላይ ዋለ። ይህን ጥብጣብ እናቶች ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ 12.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን አረንጓዴ ነው። ከ12.5 በታች ሆኖ እስከ 11.5 ድረስ ቢጫ ነው። ከ11.5 ካነሰ ቀይ ነው። ቀይ ማለት ሕፃኑ ለሞት የሚያሰጋ ሁኔታ ላይ ነው ማለት ነው። ቢጫ ማለት ደግሞ ወደ ቀዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ነን ማለት ነው።

ልጄ ተመዝግባ ተጨማሪ ምግብ ይሰጣት ጀመር። እኔ ግን አፈርኩ፤ ግራም ተጋባሁ። ራሽን እቀበላለሁ። እውነቱን ለመናገር ከማሽላው ከፊሉን እሸጥ ነበር፤ በርበሬና ሽንኩርት ይገዛበታል፣ ለዓውደ ዓመት ደግሞ ትንሽ ጤፍ። ይህን ያላደረገ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ከደጄ ደግሞ በጆንያ የተከልኩት ጎመን ነበረ፤ ልጄም ከእኛ ጋር ትበላ ነበር። «ታዲያ ልጄን ምን ነካብኝ?» እያልኩ ማልቀስ ሆነ ሥራዬ።

በብሎካችን አንዲት ትልቅ ሴት ነበሩ፤ በአገር ቤት የልምድ አዋላጅ የነበሩ። አንድ ቀን ወደ ማታ መጡና በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔ ራት እየሠራሁ ነበር። እናቴ እንዳስተማረችኝ ጎመኑን ቀቀልኩ፣ አጠነፈፍኩ፣ በሁለት እጄ ጨመቅኩት። አረንጓዴውን ውሃ ከደጅ ደፋሁት።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የደፋሽው?» አሉኝ።

«የጎመኑን ውሃ ነው፣ እማማ።»

«የደፋሽው የጎመኑን ግማሽ ነው።»

«በአገራችን እንዲህ አይደል እንዴ የሚሠራው?»

«በአገራችንማ ወተት ነበረ፣ አይብ ነበረ፣ እንቁላል ነበረ፣ ሎሚውም ከደጅ ይቀጠፍ ነበር። ጎመኑ ያጣውን ሌላው ይተካው ነበር። እዚህ ምን ይተካዋል?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ መጥተው አጠገቤ ቆመው ሾርባ አሠሩኝ። ዛሬ የማሳያችሁም ያንኑ ነው። ሾርባው ብቻውን ልጄን አዳናት አልላችሁም፤ ያዳናት የክሊኒኩ ምግብና ክትትሉ ነው። ነገር ግን ከዳነች በኋላ ወደ ቢጫው አልተመለሰችም። አሁን ትምህርት ቤት ናት።

በድሮ ካምፖች የሆነው

እማማ ይህን ከመጽሐፍ አላገኙትም፤ እዚህ ከመምጣታቸው በፊት በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በሱዳን ካምፕ ኖረዋል። በዚያን ዘመን በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ «ስከርቪ» የሚባለው በሽታ ገብቶ ነበር። ድድ ያብጣል፣ ይደማል፤ ጉልበትና ቅልጥም ያማል፤ ሰውየው መራመድ ያቅተዋል፤ ቁስሉም አይድንም። በሽታው የሚመጣው ከቪታሚን ሲ እጥረት ነው።

ልብ በሉ፤ እነዚያ ሰዎች ራሽን የሚቀበሉ ነበሩ። እህልም፣ ጥራጥሬም፣ ዘይትም ይደርሳቸው ነበር። ያጡት ትኩስ ነገር ነው። ደረቅ እህል ቪታሚን ሲ የለውም፤ ዘይትም የለውም። ሰውነታችን ደግሞ ይህን ቪታሚን ራሱ መሥራት አይችልም፤ ያከማቸውም ቢሆን ከጥቂት ወራት አያልፍም። ስለዚህ በሽታው በካምፑ ረጅም ጊዜ በቆዩት ላይ ይበልጥ ይታይ ነበር። እኛ እዚህ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየን እያንዳንዳችሁ ታውቁታላችሁ። ካኩማ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አግብተው የወለዱ ልጆች አሉን።

ደስ የሚለው ነገር መድኃኒቱ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ስከርቪን ለመከላከል በቀን 10 ሚሊ ግራም ያህል ቪታሚን ሲ ይበቃል፤ ለሙሉ ጤና ግን ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። አንድ እፍኝ ትኩስ ጎመን ከዚህ ብዙ እጥፍ አለው። ችግሩ ቪታሚኑ በውሃ የሚሟሟ፣ በእሳትም የሚጠፋ መሆኑ ነው። ጎመኑን ብዙ ሰዓት ቀቅለን ውሃውን ከደፋነው ግማሹ፣ ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ለነፍሰ ጡር ሴት እጅግ የሚያስፈልገው ፎሌት የሚባለው ቪታሚንም አብሮ ይደፋል። ሾርባ ግን ውሃውን አይደፋም፤ ከቅጠሉ የወጣው ሁሉ ከሳህኑ ውስጥ ይገኛል። የሾርባ ምስጢሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም።

ለስድስት ሰው የሚሆን

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ልጆች፣ መጻፍ የምትችሉ ለእናቶቻችሁ ጻፉላቸው።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 2 ኩባያ የአተር ክክ፤ 1 ራስ ሽንኩርት፤ ከተገኘ 2 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፤ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፤ 2 ወይም 3 ቲማቲም፤ የመዳፍ ያህል የዱባ ቁራጭ፤ ተከትፎ 4 ኩባያ የሚሞላ ቅጠል፤ 3 የሾርባ ማንኪያ የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት፤ ጨው፤ 3 ሊትር ያህል ውሃ። ዱባ ከሌለ ካሮት ወይም ስኳር ድንች ይሆናል። ቅጠሉ ሱኩማ ብቻ መሆን የለበትም፤ አሉማ፣ ገበያ ላይ «ምቺቻ» የሚሉት ማለት ነው፣ የዱባ ቅጠል፣ የስኳር ድንች ቅጠል፣ የሽፈራው ቅጠልም ይሆናል። ኮንሶዎችና ጋሞዎች በመካከላችን አሉ፤ ሽፈራውን እንዴት እንደሚያጣፍጡት ከእነሱ ተማሩ።

አንደኛ፤ ክኩን ልቀሙና እጠቡት፣ ከጠዋቱ ዘፍዝፉት። የተዘፈዘፈ ክክ ቶሎ ይበስላል፤ እንጨት ይቆጥባል። የተሰጣችሁ ቦሎቄ ከሆነ ሌሊቱን ይደር። የቦሎቄውን መዘፍዘፊያ ውሃ ለጆንያው ስጡት፤ በአዲስ ውሃ ጣዱና ቢያንስ 10 ደቂቃ እየተንተከተከ ይፍላ፤ ከዚያም እስኪላቆጥ ይብሰል። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ሆድ ያውካል፤ ያስታውካልም።

ሁለተኛ፤ ሽንኩርቱን ክተፉና እንደ ወጥ ቁሌት አቁላሉት። ሲለሰልስ ዘይቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ጨምሩ። በዘይቱ አትሰስቱ። በራሽን የሚታደለው ዘይት ቪታሚን ኤ የተጨመረበት ነው። በተጨማሪም በዱባውና በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ለዓይን የሚጠቅመውን ነገር ሰውነታችን የሚቀበለው ከቅባት ጋር ሲሆን ነው። ቅጠል ያለ ዘይት ግማሽ ሥራ ነው።

ሦስተኛ፤ ክኩንና ውሃውን ጨምራችሁ ክደኑት፤ ክኩ እስኪፈርስ ይብሰል። ከዚያ ቲማቲሙንና በትንንሹ የተቆረጠውን ዱባ ጨምሩ።

አራተኛ፤ ዱባው ሲለሰልስ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ጨምሩ። በፈላ ውሃ ላይ ደረቁን ብትበትኑት ይጓጉላል። 10 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ።

አምስተኛ፤ ቅጠሉ የመጨረሻ ነው። እደግመዋለሁ፤ ቅጠሉ የመጨረሻ ነው። ድስቱ ከእሳት ሊወርድ ሲል ቅጠሉን ከጆንያው ቁረጡ። ሳይከተፍ በንጹሕ ውሃ ደኅና አድርጋችሁ እጠቡት፤ በእጣቢ ውሃ ያደገ ነውና። ከታጠበ በኋላ ክተፉና ጨምሩ፤ ክደኑት፤ ለለስላሳው ቅጠል 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ጠንከር ያለው የዱባ ቅጠል ክሩ ከተላጠለት በኋላ 10 ደቂቃ ይፈልጋል። ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ አውርዱት። ከጠቆረ አልፎበታል።

ስድስተኛ፤ ጨው በመጨረሻ። በጨው ውስጥ ያለው አዮዲን በእሳት ብዛት ይቀንሳል። ሎሚ ያለው ሰው ድስቱ ከወረደ በኋላ ይጭመቅበት። በርበሬ ካልገባ አይበላልኝም የሚል ካለም መብቱ ነው፤ የሕፃናቱ ድርሻ ከወጣ በኋላ ይጨምርበት።

በቂጣም፣ በማሽላ እንጀራም፣ በኡጋሊም ይበላል። የጾም ስለሆነ ለረቡዕና ለዓርብም ይሆናል፤ ለኢፍጣርም ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

አሁን የሾርባን ሐሜት ልንገራችሁ፤ ሾርባ ያታልላል። ራሽኑ በየጊዜው እየተቀነሰ መምጣቱን ሁላችንም በየድስታችን አይተነዋል። ድስቱ ሲጎድል እጃችን ወደ ጀሪካኑ ይሄዳል፤ ውሃ እንጨምራለን። ልጁ ሆዱ ይሞላል፣ ዝም ይላል፣ ይተኛል። ግን አልበላም። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነው፤ በውሃ ከሞላነው ለእህሉ ቦታ አይተርፍም። ለሕፃን የሚሰጠው ሾርባ ወፍራም መሆን አለበት። ማንኪያውን ዘንበል ስታደርጉት ቶሎ የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል ማለት ነው። ክኩንና ዱባውን ከታች በጭልፋ አውጥታችሁ፣ ቅጠሉን አድቅቃችሁ፣ ጥቂት ዘይት አንጠባጥባችሁበት ስጡት። ላይ ላዩን ቀጭኑን ለእኛ ለጎልማሶቹ።

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ሾርባም ውሃም አይሰጥም፤ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከ6 ወር በኋላ ምግብ ይጀምራል፤ ጡቱ ግን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ሕፃኑ የራሱ ሳህን ይኑረው። ከታላላቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ ምን ያህል እንደ ቀመሰ ማንም አያውቅም። የእኔም ልጅ የከሳችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ «አብራን ትበላለች» እል ነበር፣ ስንት ጉርሻ እንደ ደረሳት ግን ቆጥሬ አላውቅም።

ሌላው ቡናና ሻይ ነው። አትደንግጡ፤ ቡናችሁን አልነጥቃችሁም። ነገር ግን ምግብ እንደ በላን ወዲያው ስንጠጣቸው በቅጠሉና በክኩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን እንዳይቀበለው ያደርጋሉ። ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል፤ ይልቁንም በነፍሰ ጡሮችና በሚያጠቡ እናቶች። በአንጻሩ ቲማቲሙና ሎሚው ብረቱ እንዲገባ ይረዳሉ። ስለዚህ ምግቡን እንብላ፣ አንድ ሰዓት ያህል እናውጋ፣ ከዚያ ቡናው ይፈላ። ለሕፃናት ግን ሻይ አትስጡ።

ሦስተኛው የተረፈ ሾርባ ነው። በዚህ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት፣ ሾርባ ቶሎ ይበላሻል፤ የሚያስቀምጠው ተቅማጥም ለከሳ ሕፃን አደገኛ ነው። ለአንድ ጊዜ የሚበቃችሁን ብቻ ሥሩ። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየውን እስኪንተከተክ ሳታፈሉ አትብሉት። ያደረውን ለሕፃን አትስጡ። ከጓሮው ቅጠል በዛ ብላችሁም ሁሉንም በአንድ ቀን አትቁረጡ። ከታች ያሉትን የውጭ ቅጠሎች ቁረጡ፣ መሐል ያሉትን አራት አምስት ትንንሾች ተዉአቸው፤ እንደገና ይሰጣችኋል። ጆንያው ራሱ ማቀዝቀዣችን ነው። ከዚህም አልፎ ከተረፈ በፀሐይ ሳይሆን በጥላ አድርቁት። በጥላ የደረቀ ቅጠል ቪታሚን ኤ የሚሆነውን ነገር በተሻለ ይይዛል፤ ቪታሚን ሲው ግን ይጠፋል። ስለዚህ ደረቁ ለክፉ ቀን ይቀመጥ፤ ትኩሱ ይቅደም።

ስለ እንጨት

«ይህን ሁሉ የምናበስለው በምን እንጨት ነው?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። የሚታደለው እንጨት አይበቃም። እኅቶቻችን እንጨት ፍለጋ ወጥተው ምን እንደሚያጋጥማቸው እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ከቱርካና ሴቶች ስንገዛም ብዙ ጊዜ የምንከፍለው ከዚያችው ከራሽናችን ነው። ስለዚህ እንጨት መቆጠብ ማለት እህል መቆጠብ ማለት ነው።

ሦስት ነገር አድርጉ። ክኩን ዘፍዝፉ። ድስቱን ሁልጊዜ ክደኑ፤ ክዳን ከሌለው ሳህን ድፉበት። ሦስተኛው ብዙዎቻችሁ ያልሞከራችሁት ነው። የተዘፈዘፈውን ክክ 15 ደቂቃ አፍሉትና፣ ድስቱን እንደ ተከደነ ከእሳት አውርዳችሁ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ክዳኑን ሳትነኩ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ክኩን ያበስለዋል። ከዚያ መልሳችሁ ጣዱ፣ አፍሉ፣ ሌላውን ሁሉ ጨምሩ። እሳቱ የሚነድበት ሰዓት በጣም ያጥራል።

ጆንያ ለሌላቸው

ጓሮ ያልጀመራችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥራው ከባድ አይደለም። አንድ የእህል ጆንያ፣ ሁለቱም አፉ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ፣ ጠጠር፣ አፈርና የፍየል ፍግ ይበቃል። ቆርቆሮውን በጆንያው መሐል አቁማችሁ በጠጠር ሙሉት፤ ዙሪያውን ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ሙሉ፤ ቆርቆሮውን ወደ ላይ ሳቡትና እንደገና በጠጠር ሙሉት። እንዲህ እያላችሁ እስከ አፉ ስትደርሱ መሐሉ የጠጠር ዓምድ ይሆናል። ውሃው በዚያ ዓምድ ወርዶ ወደ ጎን ይሰራጫል። ችግኙን ከላይም፣ ጆንያውን በጎን በስታችሁም ትተክላላችሁ። የዕቃና የልብስ እጣቢ ይሆነዋል፤ በረኪና ያለበት ውሃና የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበት ግን አይሆንም። ለዚህ ፀሐይ ጥላ ሥሩለት፤ ከፍየልም አጥሩለት።

ግን ሁሉም ሰው ጆንያ መሙላት አይችልም። ዓይናቸው የደከመ አባቶች አሉ። ብቻዋን አራት ልጅ የምታሳድግ እናት አለች። ዕድርና ዕቁብ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ የሾርባ ዕቁብ ብንጀምርስ? በእኛ ብሎክ ሦስት ቤት ሆነን ጀምረናል። አንድ ቀን አንዷ ታበስላለች፣ ሌሎቹ ክክና ቅጠል ያዋጣሉ፤ በማግስቱ ተራው ወደ ሁለተኛዋ ይሄዳል። በሦስት እሳት ፈንታ አንድ እሳት ነው የሚነደው። አቅም ለሌላቸው ሽማግሌም አንድ ሳህን ይወጣል። ስንጀምር እኔ አፍሬ ነበር፤ «ድስቴ ሰው ፊት ሊታይ ነው» ብዬ። አሁን ግን የሚያሳፍረው ለጎረቤት የማይተርፍ ድስት ሆኖ ይታየኛል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። ጆንያ ጎመን ራሽንን ይተካል የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ልጅ በቅጠል ብቻ አያድግም፤ እህል ያስፈልገዋል፣ ጥራጥሬ ያስፈልገዋል፣ ዘይት ያስፈልገዋል። ሲቀነስብን መናገራችንን፣ በመሪዎቻችን በኩል ማመልከታችንን አንተውም። ልጆቻችሁንም ለምርመራ ውሰዱ፤ ጥብጣቡ ቢጫ ካሳየ፣ ወይም ድድ ከደማ፣ ሾርባ እየሠራችሁ ቤት አትቀመጡ፤ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂዱ። እኔ የምላችሁ የደረሰንን እንዳንደፋው ነው። ሌላው በእጃችን ላይሆን ይችላል፤ የጎመኑ ውሃ ግን በእጃችን ነው።

አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ይሉ ነበር። ከሥጋና ከቅቤው ሁሉ ጤና ይበልጣል ሲሉ ነው። እኛ ጎመኑን አግኝተናል። ጤናውን ደግሞ ከድስቱ ሳናፈስሰው እንቀበለው። ፈጣሪ ለአገራችን ያብቃን፤ እስከዚያ ድረስ ልጆቻችንን ይጠብቅልን።

ያ ከበስተኋላ የምታዩት ትልቅ ድስት ከጠዋት ጀምሮ ተጠቅልሎ የቆየ ነው፤ አሁን እሳት ላይ ነው፣ ቅጠሉም ሊገባበት ነው። ኩባያ ያልያዘ ከጎረቤቱ ይዋስ። ሕፃናትን አስቀድሙ።